ከፍጥነቱ በፊት ፍሬኑ፦ ለመጀመሪያው የትራክ ቀን መዘጋጀት

በአትላንታ ሐበሻ ቤት ውስጥ "ትራክ" የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። ለወላጆች ትራክ ማለት ዐሥራ ስምንት ጎማ ያለው የጭነት መኪና ነው፤ ሲዲኤል አውጥተው ከጆርጂያ እስከ ካሊፎርኒያ የሚነዱት። ለልጆች ደግሞ መብራትና መስቀለኛ መንገድ የሌለው፣ ተጠማዞ ተጠማዞ ወደ ተነሳበት የሚመለስ የመኪና መሮጫ አስፋልት ነው። ስለዚህ "ቅዳሜ ትራክ ልሄድ ነው" ስትሉ እናታችሁ ሥራ ያገኛችሁ መስሏቸው "እሰይ!" ቢሉ አይግረማችሁ። ነገሩ ሲብራራ ግን ፊታቸው ይለወጣል። እንግዲህ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ነገሩን በደንብ አውቃችሁ በአማርኛ ማስረዳት መቻል አለባችሁ።

ትራክ ዴይ ውድድር አይደለም። አሸናፊ የለም፣ ሽልማትም የለም። ሾፌሮች እንደ ልምዳቸው በምድብ ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱም ምድብ ብዙውን ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ያህል እየተፈራረቀ ይገባል። ለጀማሪ አሰልጣኝ አጠገቡ ይቀመጥለታል፤ ወይም በሌላ መኪና ከፊት ሆኖ መንገዱን እየመራ ያሳየዋል። ጀማሪዎች መቅደም የሚችሉት በተመረጡ ቀጥ ያሉ ቦታዎች ላይ ብቻ ነው፤ ያውም የፊተኛው ሾፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ "በዚህ በኩል እለፍ" ብሎ ሲጠቁም። ፒችትሪ ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ ጨዋነት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ወላጆች የሚፈሩት ሌላውን ነው፤ ሌሊት መስቀለኛ መንገድ ዘግተው ጎማ የሚያጨሱትን ልጆች። ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። ጆርጂያ በ2021 ባወጣችው ሕግ በመንገድና በፓርኪንግ ላይ በመኪና እንዲህ ያለ ትርኢት ማሳየትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጋዋለች፤ ሕገ ወጥ ውድድር ማዘጋጀትም እንዲሁ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በማንኛውም መንገድ 85 ማይልና ከዚያ በላይ፣ በሁለት መስመር መንገድ ላይ 75 ማይልና ከዚያ በላይ ሲነዳ የተፈረደበት ሰው ከመደበኛው ቅጣት ሌላ ለግዛቲቱ 200 ዶላር ይከፍላል። ትራክ ዴይ የፍጥነት ፍላጎትን ከዚህ ሁሉ አውጥቶ አምቡላንስ ቆሞ ወደሚጠብቅበት፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ወደሌለበት ቦታ ይወስደዋል። ለእናታችሁ የምታስረዱት ይህን ነው። አደጋ የለውም አትበሏቸው፤ አለው።

በዚህ ነገር አትላንታ ዕድለኛ ከተማ ናት። በ85 ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ከተነዳ ብራዝልተን አጠገብ ሮድ አትላንታ አለ። በ1970 የተከፈተ፣ 2.54 ማይል ርዝመትና 12 ኩርባ ያለው፣ በዓለም የታወቀ ትራክ ነው። ከ1998 ጀምሮ ፔቲ ለ ማን የተባለው ረጅም ውድድር የሚካሄደው እዚያ ነው። በጆርጂያ 400 ወደ ሰሜን ከተሄደ ደግሞ ዶውሰንቪል ላይ አትላንታ ሞተርስፖርትስ ፓርክ አለ። 2 ማይልና 16 ኩርባ ያለው ይህ ትራክ የተከፈተው በ2012 ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ብዙ የፎርሙላ ዋን ትራኮችን የነደፈው ጀርመናዊው ሄርማን ቲልከ ነው።

ስለ ዶውሰንቪል ካነሳን አይቀር፣ የዚያች ትንሽ ከተማ የመኪና ፍቅር የጀመረው በአረቄ ነው። በ1930ዎቹ የተራራው ገበሬዎች በድብቅ ያወጡትን አረቄ ሌሊት ሌሊት ወደ አትላንታ የሚያወርዱ ወጣቶች፣ ከፖሊስ ለማምለጥ የፎርድ መኪኖቻቸውን ሞተር ያጠናክሩ ነበር። ከእነሱ አንዱ ሎይድ ሲይ በ1941 ደቡብ አትላንታ ሌክዉድ ላይ ትልቅ ውድድር አሸነፈ፤ በማግስቱ ለአረቄው በተገዛ ስኳር ሒሳብ ተጣልቶ በአክስቱ ወይም በአጎቱ ልጅ ጥይት ሞተ። ዛሬ የጆርጂያ የመኪና ውድድር ዝነኞች ሙዚየም ያለው እዚያው ዶውሰንቪል ነው። የከተማዋ ልጆች ቢል ኤሊየት በ1988፣ ልጁ ቼስ ደግሞ በ2020 የናስካር ሻምፒዮን ሆነዋል። አባትና ልጅ መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ከአባታችሁ ጋር ስትነጋገሩ ይጠቅማችኋል።

የማን መኪና ነው?

ከሁሉም በፊት የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙዎች ግን የሚዘሉት እሱን ነው። መኪናው ነገ ባይኖር ማን ሥራ ይቀራል? አባታችሁ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ የሚያመላልሱበት ካምሪ ከሆነ፣ ወይም እናታችሁ ለሌሊት ፈረቃ ሆስፒታል የሚሄዱበት ኮሮላ ከሆነ፣ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል። ትራክ ላይ ከፍላችሁ ስትገቡ ያንን መኪና ላታመጡት እንደምትችሉ ተስማምታችሁ ነው። በዕቁብ ብር የተገዛ፣ ክፍያው ያላለቀ መኪናም ከዚህ አይለይም፤ መኪናው ቢሰበርም ዕዳው ይቀጥላል።

ኢንሹራንስ አለን ትሉ ይሆናል። የውላችሁን ወረቀት አውጥታችሁ አንብቡት። ብዙ የመኪና ኢንሹራንስ ውሎች በውድድር ላይ የደረሰን ጉዳት አይከፍሉም፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ለውድድር ወይም ለፍጥነት በተሠራ ቦታ ላይ የደረሰን ጉዳት ሁሉ፣ ውድድር ባይሆንም እንኳ፣ ያወጡታል። ለአንድ ቀን ወይም ለቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚገዛ የትራክ ኢንሹራንስ ግን አለ። ዋጋው መኪናችሁ ስንት ያወጣል ብላችሁ እንዳስመዘገባችሁት ይለያያል፤ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ድርሻም አለው። ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው የራሳችሁን መኪና ብቻ ስለሆነ፣ የተመታ አጥርስ ማን ያስጠግናል ብላችሁ ጠይቁ። "ትራክ ላይ ነው ብለው ከሚከለክሉኝ 285 ላይ ነው የተጋጨሁት እላለሁ" የሚል ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ አትስሙት። ያ የኢንሹራንስ ማጭበርበር ይባላል፤ የሚያስከትለውም የወንጀል ክስ ነው።

መግቢያ ላይ የኃላፊነት መልቀቂያ ሰነድ ትፈርማላችሁ። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ወላጅ ይፈርማል፤ ጭራሽ የማይቀበሉ አዘጋጆችም አሉ። ዕድሜያችሁ ገና ከሆነ ወይም የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ ሌሎች በሮች አሉ። ስትሪት ሰርቫይቫል የሚባለው የወጣት አሽከርካሪዎች ትምህርት በተለመደው የቤት መኪና ድንገተኛ ፍሬን መያዝንና መንሸራተትን ያስተምራል። አውቶክሮስ ደግሞ በሰፊ ባዶ ፓርኪንግ ላይ በተደረደሩ ኮኖች መካከል አንድ አንድ መኪና እየገባ የሚነዳበት ነው፤ አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ያህል ነው፣ የሚመታውም ብዙውን ጊዜ ኮን ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱን ሳይሞክሩ በቀጥታ ሮድ አትላንታ መግባት ፊደል ሳይቆጥሩ ዳዊት እንደመድገም ነው።

ፍሬን፣ ፍሬን፣ አሁንም ፍሬን

መኪናችሁ ለመጀመሪያ ቀን ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት አያስፈልገውም። ተራ ሲቪክ ይበቃል፤ አውቶማቲክ ማርሽም ይሁን ችግር የለም። (ቁመታቸው ረጅም የሆኑ መኪኖችን ግን ሊገለበጡ ስለሚችሉ ብዙ አዘጋጆች አይቀበሉም፤ ጣሪያቸው የሚከፈት መኪኖችም ተጨማሪ የብረት መከላከያ ይጠየቃሉ።) የሚያስፈልገው የሚያቆመው ነገር ነው።

ምክንያቱን ከመካኒክ በፊት ለአባታችሁ ወይም ለአጎታችሁ አንሱት። በኢትዮጵያ የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ የነዳ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጎበዝ ሾፌር በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ኃይል ተይዞ ይወርዳል እንጂ ፍሬኑ ላይ ተኝቶ አይወርድም። ፍሬኑ ላይ የተኛ መጀመሪያ የሚቃጠል ሽታ ይሸተዋል፤ ከዚያ "ፍሬን እምቢ አለኝ" ይላል። ትራክ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ዓባይ በረሃ ያለው ቁልቁለት በፍጥነት መተካቱ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ፍሬን የመኪናውን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ያ ሙቀት ደግሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። መኪናን ከ100 ማይል ማቆም ከ60 ማይል ከማቆም ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ያመነጫል። 285 ላይ ይህን በቀን አንድ ጊዜ ብታደርጉት ነው፤ ትራክ ላይ ግን በየዙሩ ብዙ ጊዜ፣ ሳያርፍ፣ ለሃያ ደቂቃ ነው።

ፍሬን በሙቀት ሲሸነፍ በሁለት መንገድ ይሸነፋል። አንደኛው የፍሬን ሸራው ነው። ሸራው ከልኩ በላይ ሲግል ዲስኩን መያዝ ያቅተዋል፤ ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሁለተኛውና የባሰው የፍሬን ዘይቱ መፍላት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ይኖራል፤ ውሃ በገባበት ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 446 ዲግሪ ፋራናይት ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን መስፈርቱ 311 ብቻ ነው። ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ እናንተም ስትረግጡ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ያን ጊዜ ጓደኞቻችሁ ስለሚያወሩት የሞተር ድምፅ ትዝ አይላችሁም።

ስለዚህ ከቀኑ በፊት የፍሬን ዘይታችሁን በአዲስ ዶት 4 አስቀይሩ። "መቼ ተቀየረ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ከሌላችሁ መልሱ "ከረጅም ጊዜ በፊት" ነው። ዶት 5 ግን አታስገቡ፤ ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይዋሃድም። የፍሬን ሸራው ቢያንስ ግማሹ የቀረ ይሁን፤ ዲስኩ ላይ ስንጥቅ እንዳለ ይታይ። ይህን ሁሉ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ አሠሩት እንጂ አርብ ማታ አይሁን፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በጋራዡ ሥራ ላይ ችግር ካለ የሚታየው ወደ ሥራ ስትሄዱ ቢሆን ይሻላል።

ከፍሬን ቀጥሎ ጎማ ነው። የጎማው ጥርስ ብቻ ሳይሆን ዕድሜውም ይታያል። በጎማው ጎን ላይ "ዶት" ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ስንጥቅ ወይም እብጠት ያለበት ጎማ ይዛችሁ አትሂዱ። ንፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል፣ የሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ በተለጠፈው ልክ ሙሉ፤ ትራክ ላይ ሲግል ራሱ ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ አሰልጣኙ ምን ያህል እንደምትቀንሱ ይነግራችኋል።

የጎማውን ዳዶዎችም በሚለካ ቁልፍ፣ የመኪናው መመሪያ በሚለው ልክ አጥብቁ፤ በቀኑም ውስጥ ደግማችሁ ፈትሹ። ዳዶ ስንል፣ ከአባታችሁ ጋር ኮፈን ከፍታችሁ ስትቆሙ የምትሰሟቸው ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፦ ፍሬን፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ሳይቀር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ውስጥ ከአንድ ወር የአማርኛ ትምህርት የበለጠ ቃል ያስተምራል ብል ማጋነን አይደለም።

ሌላው ቀላል ነው። የዘይትና የራዲያተር ውሃ ልክ፣ የሚንጠባጠብ ነገር አለመኖሩ፣ ባትሪው በደንብ መታሰሩ። ከዚያ መኪናውን ባዶ አድርጉት፤ የሾፌሩን የወለል ምንጣፍ፣ ከኋላ ያለውን ተጨማሪ ጎማና ክሪክ፣ የስልክ ቻርጀሩን፣ ከመስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውን መስቀል ወይም መቁጠሪያ። (በረከቱ እንዳይለያችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት።) ከወንበር ሥር ያለች አንዲት የውሃ ጠርሙስ ተንከባልላ ፍሬን ፔዳል ሥር ከገባች ያ ሁሉ የዘይት ቅየራ ከንቱ ነው።

ሾፌሩስ?

ሄልሜት የግድ ነው። ውስጡ ከጨርቁ ሥር የስኔል ምልክት ይፈለጋል፤ ለመኪና የሚሆነው "ኤስኤ" የሚል ፊደል ያለበት ነው፣ ለምሳሌ ኤስኤ 2020። "ኤም" የሚለው የሞተር ብስክሌት ነው፤ የሚቀበሉት አዘጋጆች አሉ፣ ነገር ግን እንደ ኤስኤው እሳት የሚቋቋም ገበር አይጠየቅበትም። ለመጀመሪያ ቀን የሚያከራዩ ስላሉ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ረጅም የጥጥ ሱሪ፣ እጀ ረጅም የጥጥ ሸሚዝ፣ ሶሉ ቀጭን የሆነ የተሸፈነ ጫማ ይበቃል።

በጆርጂያ የበጋ ሙቀት፣ መስኮት ከፍቶ ሄልሜት አጥልቆ መንዳት ሰውነትን ያደርቃል። ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ጠጡ፤ ተኙ። ቤተሰቡ የሚጾም ከሆነ ቀኑን ከመመዝገባችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። በፍልሰታ፣ በነሐሴ ሙቀት፣ እህልና ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው መሪ ይዞ ትራክ መግባት የለበትም፤ ለረመዳንም እንዲሁ። ሌላ ቀን ይገኛል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚቀርባችሁ ከሆነ፣ የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ ከ2015 ጀምሮ በየትራኩ የሚያዘጋጀው ትራክ ናይት የሚባለው ፕሮግራም በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

በቀኑ ጠዋት መኪናችሁ ይመረመራል፤ ከዚያ የሾፌሮች ስብሰባ አለ። ይህን ስብሰባ ቡና ለመቅዳት ብላችሁ አትለፉት፤ ባንዲራዎቹ የሚነገሩት እዚያ ነው። ቢጫ ከፊት አደጋ አለ፣ ቀዝቅዙ፣ አትቅደሙ ነው። ቀይ ሲታይ መስታወት እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ቁሙ ነው። ጥቁር ባንዲራ ወደ እናንተ ከተጠቆመ፣ ወደ መግቢያው ተመለሱ፣ የምንነግራችሁ አለ ማለት ነው። ሰማያዊ ላይ ቢጫ መስመር ያለበት ከኋላችሁ ፈጣን መኪና አለ፣ አሳልፉት ነው። የሚታዘዘው ሁሉም ሰው ነው፤ የቦርሳው ውፍረት አይታይም።

ስትነዱ ዓይናችሁ አፍንጫችሁ ሥር አይሁን፤ ልትደርሱበት የምትፈልጉትን ቦታ ተመልከቱ፣ እጅ ዓይንን ይከተላል። ፍሬን ቀጥ ባለው ቦታ ላይ ጨርሱ፣ ከዚያ መሪ አዙሩ፣ ነዳጅ የምትሰጡት መሪው መከፈት ሲጀምር ነው። ኩርባ መሃል ደንግጦ እግርን ከነዳጅ በድንገት ማንሳት የመኪናውን ክብደት ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ የኋላው ጎማ ይቀልና ይሽከረከራል። ለዚህ ነው አሰልጣኞች ሰላሳ ጊዜ "ለስለስ አድርግ" የሚሉት። ከአስፋልቱ በሁለት ጎማ ከወጣችሁ ደግሞ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። ብዙ ትልልቅ ግጭት የሚመጣው በመውጣቱ ሳይሆን መሪን በድንጋጤ መልሶ በመጠምዘዝ ነው።

የመጨረሻው ዙር ማቀዝቀዣ ነው፤ ፍሬን ሳትነኩ በዝግታ ዙሩና ግቡ። ስታቆሙ የእጅ ፍሬን አትያዙ፤ የጋለው ሸራ የጋለ ዲስክ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ማርሽ ውስጥ ወይም ፒ ላይ አድርጋችሁ ጎማው ሥር ታኮ አስገቡ። ጭንቅላታችሁ እየደከመ ከሄደ የቀረውን ዙር ተዉት፤ የከፈላችሁት ገንዘብ ቢያሳዝንም። አራተኛው ዙር ላይ "አሁንማ ለመድኩት" የሚል ድምፅ ከውስጣችሁ ከሰማችሁ ያንንም እንደ ድካም ቁጠሩት።

ወደ ቤት ከመነሳታችሁ በፊት የፍሬን ሸራውን በቸርኬው መሃል አጮልቃችሁ እዩ፤ ዳዶዎቹን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጥብቁ። ጎማው ሲግል የቀነሳችሁትን ንፋስም መልሱ፤ ጎማው ቀዝቅዞ 400 ላይ ስትወጡ ከልክ በታች ሆኖ ይገኛል። ከትራክ የወጣ ሰው ደግሞ 85 ማይል እየነዳ 60 የሚነዳ ይመስለዋል። የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ክሩዝ 65 ላይ አስሩት፣ የቀኝ መስመሩን ያዙ።